ሳይደወል የሚገባበት ቤት

እትዬ የሺሀረግ ከደሴ ተነስተው አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ በገቡ ማግስት፣ የስምንተኛውን ፎቅ ኮሪደር ከዳር እስከ ዳር እየሄዱ በየበሩ ፊት ቆም እያሉ «ቤቶች!» ሲሉ ተገኙ። ያገኘኋቸው እኔ ነኝ። እዚያው ሕንጻ ሰባተኛው ፎቅ ላይ ነው የምኖረው። ልጃቸው ናዝራዊት፣ እናቴ መጥታለችና ብቅ ብለሽ እያት ብላኝ ስለነበር ከሥራ እንደተመለስኩ ጫማዬን እንኳን ሳልቀይር ወጣሁ። ከሊፍቱ ስወጣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ በላስቲክ የተቋጠረ ዳቦ ቆሎ በእጃቸው ይዘው፣ ጆሯቸውን የሰው በር ላይ ሊለጥፉ ምንም አልቀራቸውም።

ምን እያደረጉ እንደሆነ ብጠይቃቸው ጎረቤት እየተዋወቅሁ ነው አሉኝ። እስከዚያች ሰዓት አንድም በር አልተከፈተላቸውም። አንደኛው ቤት ውስጥ ቴሌቪዥን ይጮህ ነበር፤ እሳቸው ሲጣሩ ጊዜ ጸጥ አለ። «ሰውማ አለ፤ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ነው» አሉኝ፣ ብርቅ ነገር እንዳገኘ ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ሌላ ሰው ቢሆን ይከፋው ነበር። እሳቸው ግን በሩ መሃል ያለችውን የመስታወት ቀዳዳ በጣታቸው እየነኩ ምን እንደሆነች ጠየቁኝ። ከውስጥ ሆኖ የመጣውን ሰው ማያ ናት አልኳቸው። ጎንበስ ብለው በዚያችው ቀዳዳ ወደ ውስጥ ለማየት ሲሞክሩ እጃቸውን ይዤ ጎተትኳቸው።

እኔ ተናኘ እባላለሁ። ክሪስታል ሲቲ አንድ ሆቴል ቁርስ ክፍል ውስጥ ነው የምሠራው፤ ጎህ ሳይቀድ ገብቼ ቀትር ላይ እወጣለሁ። አሜሪካን አብጠርጥረን እናውቃለን ከሚሉት ወገን ነኝ። ትዕግሥት ግን አልፈጠረብኝም፤ አዲስ የመጣ ሰው አንዱን ነገር ሁለቴ ሲጠይቀኝ ደሜ ይፈላል። እትዬ የሺሀረግ ደግሞ አንዱን ነገር ሦስቴ የሚጠይቁ ሴት ናቸው። ደሴ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ተወልደው፣ እዚያው አድገው፣ እዚያው ተድረው፣ እዚያው አንድ ትምህርት ቤት ታይፒስት ሆነው ጡረታ ወጥተዋል። ባላቸው ካረፉ ቆይቷል። ናዝራዊት ነርስ ናት፤ አምስት ዓመት የሞላትን ልጇን ሂዊን ብቻዋን ታሳድጋለች። እናቷን ያስመጣቻቸውም እሷ ሥራ ስትውል ከልጅቱ ጋር እንዲሆኑላት ነው። ይሄ በፈረንጆች አቆጣጠር 2011፣ ግንቦት ላይ ነበር።

የኮሪደሩን ነገር ስነግራት ናዝራዊት ደነገጠች። እናቷን ሶፋው ላይ አስቀምጣ ሕጉን አስረዳቻቸው።

«እማዬ፣ እዚህ ዝም ብሎ ሰው ቤት አይኬድም። መጀመሪያ ኮል ይደረጋል። ሰው ቢዚ ነው። ደንግጦ ፖሊስ ሊጠራብሽም ይችላል» አለቻቸው።

እትዬ የሺሀረግ በጥሞና አዳመጡ። ዘመድ ሲሆንስ? የታመመ ሲሆንስ? ጨው አልቆብኝ ጨው ልበደር ስልስ? እያሉ ጠየቁ። ለሁሉም መልሱ አንድ ሆነባቸው፤ ይደወላል። ደሴ ላይ ሰው ደጅ የደረሰ እንግዳ «ቤቶች!» ይላል፤ ከውስጥ «ደጆች!» ይሉታል፤ በቃ ገባ ማለት ነው። ዕድሜ ልካቸውን ሲገቡም ሲገባባቸውም የኖሩት በዚህች ሁለት ቃል ነው። ትንሽ አሰቡና ፍርዳቸውን ሰጡ።

«እንግዲያው ስሚኝ ልጄ። በዚህ አገር ሳይደወል የሚገባበት አንድ ቤት ካገኘሁ እኖራለሁ። እስከ ገና ካጣሁ ግን ወደ ቤቴ መልሺኝ። በቀጠሮ መኖር አልችልበትም።»

ቀልድ መስሎን ሳቅን። ከሳምንት በኋላ ግን ናዝራዊት ታች ልብስ ማጠቢያው ክፍል አግኝታኝ አለቀሰች። እናቷ ቃላቸውን የሚያጥፉ ሰው አይደሉም። እሳቸው ከሄዱ ሂዊን ለማን ትታ ሥራ ትገባለች? ደግሞስ ስንት ዓመት ስትናፍቃቸው የኖረችውን እናቷን በአንድ የጎረቤት በር ምክንያት ልታጣ ነው? የእኔ ቤት አለላቸው አይደል እንዴ ብዬ አጽናናኋት፤ ወጥቼም ለራሳቸው፣ እኔ ዘንድ ሳይደውሉ በፈለጉ ሰዓት ይምጡ አልኳቸው። «ያንቺማ ያገሬ ልጅ ቤት ነው። እሱን ብቆጥር ደሴን ዞርኩ እንጂ አሜሪካ ገባሁ አይባልም» አሉኝ። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ፤ ከቀትር በኋላ የምተኛ ሰው ነኝ።

ያገር ልጅ የሚሉትም ቢሆን እንዳሰቡት አልሆነላቸውም። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩት የአጎታቸው ልጅ አቶ ልሳነወርቅ፣ የአገር ቤት ሽታ ይዘሽ መጣሽ ብለው በስልክ እያለቀሱ ከተቀበሏቸው በኋላ ሦስት ሳምንት ዘለል አድርገው ለቅዳሜ ቀጠሮ ያዙላቸው። «በቀጠሮ የሚኬደውማ ሐኪም ቤት ነው፤ ልሳነወርቅ መቼ ተመረቀ?» አሉን።

ክረምቱን በር ሲያጠኑ ከረሙ። አንድ ቀን ሊፍት ውስጥ የሚገቡትን ሁሉ «እንደምን ዋላችሁ» እያሉ ስንት ሰው ቀና እንደሚል ሊፈትኑ ሞክረው፣ ውሻ የያዘው ብቻ እንደሚመልስ ደረሱበት። ውሻ ያለው ሰው ሌላ ውሻ ያለውን መንገድ ላይ አስቁሞ እንደሚያወራም አዩ። ውሻ ስንት ነው? ውሻ መከራየት ይቻላል? ብለው ጠየቁኝ፤ ሦስቴ። ሌላ ቀን ደግሞ በየሰው ደጃፍ የተነጠፈውን እግር መጥረጊያ እያሳዩኝ ምን ተጽፎበት ነው አሉኝ። «እንኳን ደህና መጡ» ይላል አልኳቸው። ቆመው ምንጣፉንም በሩንም አፈራርቀው አዩ። «ምንጣፉ ግቡ ይላል፣ በሩ አትግቡ ይላል። የትኛው ነው ባለቤት?» አሉ። እኔ በዚያ ምንጣፍ ላይ ስንት ዓመት እግሬን ስጠርግ አንድም ቀን አላሰብኩት።

ከሰገነታቸው ሆነው ቁልቁል ሲያዩ፣ ከሕንጻችን ጀርባ በአጥር የተለዩ ትናንሽ የጡብ ቤቶች አሉ። አንደኛው ቤት በሩ ሰማያዊ ነበር፤ በረንዳው ላይ አንዲት ሸበቶ አሮጊት ጠዋት ጠዋት ከእንጨት ወንበር ላይ ተቀምጠው ጋዜጣ ያነባሉ። እትዬ የሺሀረግ ዓይናቸው እሳቸው ላይ አረፈ። በሩን ክፍት አድርገው የሚቀመጡ ብቸኛ ሰው እሳቸው ነበሩ።

ነሐሴ ላይ ምድር ተንቀጠቀጠች። ከሥራ መጥቼ ተኝቼ ነበር፤ አልጋዬ ሲወዛወዝ የላይኛው ቤት ሰው ዕቃ የሚጎትት መስሎኝ ልሳደብ ስነሳ ብርጭቆዎቼ ከመደርደሪያ ይረግፋሉ። በደረጃ ተንደርድሬ ስወርድ ሰው ሁሉ ሣሩ ላይ ወጥቷል። ባለቴሌቪዥኑ ሰውዬም ወጥቷል፣ በባዶ እግሩ። አንዱ አንዱን ምን ሆንክ ይላል፣ ስልክ ያበድራል፣ ውሃ ያካፍላል። እትዬ የሺሀረግ ሂዊን በአንድ እጃቸው ይዘው በሌላው ዳቦ ቆሎ እያደሉ ያን ሁሉ ጎረቤት በአንድ ቀን ተዋወቁት። ፊታቸው በርቷል። ባለሰማያዊ በሯ አሮጊትም ድንጋጤው ብቻቸውን አላስቀምጥ ብሏቸው በአጥሩ በር ወደ እኛ መጥተው ነበር። እትዬ የሺሀረግ የሴትዮዋን እጅ ያዙትና ሰው ሁሉ ተመልሶ እስኪገባ አልለቀቁትም። ደረታቸውን እየነኩ ስም ተለዋወጡ። አሮጊቷ ማርጀሪ ነኝ አሉ። እትዬ የሺሀረግ ማርጀሪ ማለት ስላቃታቸው ማርዬ አሏቸው፤ በዚያው ቀረ።

በማግስቱ እትዬ የሺሀረግ በዚያችው ሰዓት ዳቦ ቆሏቸውን ይዘው ሣሩ ላይ ወረዱ። ማንም አልነበረም። ሲመለሱ ፊታቸው ጠቁሮ፣ «ብዙ ሳይሆን በየወሩ ትንሽ ትንሽ ብትንቀጠቀጥ ምን ነበረበት» አሉኝ። እንዲህ ያለ ነገር አይመኙም ብዬ ተቆጣኋቸው። ጸሎት አላደረኩት፣ ሐሳቤን ነው ያልኩት አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ግን ሥራቸው የታወቀ ሆነ። ሂዊን ትምህርት ቤት አድርሰው ሲመለሱ ሰገነቱ ላይ ወጥተው እጃቸውን ያወዛውዛሉ፤ ማርዬም ከታች ጋዜጣቸውን ከፍ አድርገው ያወዛውዛሉ። እትዬ የሺሀረግ ልሂድ ይላሉ፣ ናዝራዊት አይሆንም ትላለች፤ እጅ ማውለብለብ ኢንቪቴሽን አይደለም ብላ። ስልክ ቁጥራቸውን እንጠይቅና ይደወልላቸው ስትል ደግሞ እሳቸው እምቢ አሉ። ከተደወለማ ምኑን አገኘሁት ነው መልሳቸው። ሁለት ጊዜ አጥሩ በር ድረስ ሄደው፣ ሳይደውሉ ላይሄዱ ለልጃቸው የገቡት ቃል ትዝ እያላቸው ተመለሱ። መስከረም አልፎ ጥቅምት ገባ። ገናም እየቀረበ ነበር።

ጥቅምት ውስጥ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ስልኬ ጮኸ። ኦፍ ነበርኩ።

«ተናኘ፣ ነጠላሽን ይዘሽ ነይ። ማርዬ ሞታለች» አሉኝ።

ማን ነገረዎት ብላቸው ማንም አልነገራቸውም። በራሳቸው ነው የደረሱበት። የማርዬ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። መንገዱ ግራና ቀኝ መኪና ነው። ሰው ሳያንኳኳ፣ ሳይደውል፣ እየገባ እየወጣ ነው፤ እርስ በርሱም አይተዋወቅም። በረንዳው ላይ ወንበሩም ማርዬም የሉም። «በዚህ አገር በር የሚከፈተው ምድር ስትንቀጠቀጥ ነበር፤ ዛሬ አልተንቀጠቀጠችም። ሠርግ እንዳልል ዘፈን የለም። ታዲያ ምን ቀረ?» አሉኝ። ነጠላዬን አንስቼ ወጣሁ።

ናዝራዊት ሥራ ናት፣ ሂዊ ጓደኛዋ ልደት ሄዳለች። እትዬ የሺሀረግ ስንዴ ለመቀቀል ጊዜ ስላልነበራቸው የናዝራዊትን የቆርቆሮ ሽምብራ ሁሉ ከፍተው፣ ጨው ነስንሰው፣ የለቅሶ ንፍሮ አድርገውታል። ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ ጥለቱን ወደ አንገታቸው አዙረው ለብሰዋል። መንገዱ ጠርዝ ላይ ስንደርስ ሣሩ ውስጥ የተተከለች ምልክት አየሁ፤ ኢስቴት ሴል ትላለች። እዚህ ላይ እውቀቴ መጣ። ሰው ሲሞት ልጆቹ የቤቱን ዕቃ እዚያው ቤቱ ውስጥ ለመጣው ሁሉ እንደሚሸጡት አስረዳኋቸው።

«ሳልስቱ ሳይወጣ?» አሉኝ።

አንዳንዴ አዎ አልኳቸው። እርግጠኛ ነሽ ወይ አሉኝ፤ ነኝ አልኩ። ሞታለች ማለት ነው አሉኝ፤ ሞተዋል አልኩ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቁኝ፣ እትዬ የሺሀረግ፣ እንግሊዝኛ እኮ አነባለሁ ብዬ ተቆጣሁ።

ደጃፉ ላይ ሲደርሱ ዝግ ባለ ድምፅ «ቤቶች» አሉ። የመለሰላቸው የለም። ገባን። ውስጡ የገበያ ቀን መስሏል። አንዱ ድስት ያገላብጣል፣ አንዷ መጋረጃ ትለካለች፣ ሁለት ሰዎች አልጋ ፈተው ይከራከራሉ። የማርዬ ወንበር ሳሎን መሃል ቆሟል፤ ጀርባው ላይ ዋጋ የተጻፈበት ቢጫ ወረቀት ተለጥፎበታል። እትዬ የሺሀረግ ሲያዩት እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። በእሱ ላይ አልተቀመጡም፤ የሟች ወንበር ነዋ። አጠገቡ ካለው ሌላ ወንበር ላይ ተቀመጡና ንፍሮውን ጠረጴዛ ላይ አኑረው፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ ድምፅ ሳያሰሙ ያለቅሱ ጀመር። እኔም እንዳቅሜ አንገቴን ደፍቼ ከጎናቸው ቆምኩ።

አንዲት ገዢ ከንፍሮው አንድ ሁለት ፍሬ ቀምሳ ዋጋው ስንት ነው አለችኝ። ነጻ ነው ስላት ጓደኛዋን ጠራች። ቀጥሎ አንድ ወጣት መጥቶ የማርዬን ወንበር ሊያነሳ ሲል እትዬ የሺሀረግ እጀታውን ጨብጠው ያዙ። ልጁ ፈገግ ብሎ ቀስ አድርጎ ሳበ። እሳቸውም ሳቡ። እንባቸውን ሲያይ ወንበሩን ለቀቀና ይቅርታ ብሎ ወጣ። ያን ያዩ ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። መጋረጃ ስትለካ የነበረችው ሴትዮ መጋረጃውን አጥፋ መልሳ አስቀመጠችው። ቀስ በቀስ ያ ሁሉ ገበያተኛ በለቅሶ ቤት እንዳለ ሰው እየተንሾካሾከ ይራመድ ጀመር።

አንድ ግዙፍ ሰውዬ መጣና እኚህ ሴት ደህና ናቸው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። የቤቱ ልጅ እንደሆነ ገባኝ። በሆቴል እንግሊዝኛዬ፣ በእናትህ ሞት በጣም አዝነናል፣ ጥሩ ጎረቤት ነበሩ አልኩት። ሰውዬው ትክ ብሎ አየኝ። እናቴ ኩሽና ውስጥ ሲኒ በወረቀት እየጠቀለለች ነው አለኝ።

ዞር ስል ማርዬ ኩሽናው በር ላይ ቆመዋል። በአንድ እጃቸው ሲኒ፣ በሌላው ጋዜጣ።

እትዬ የሺሀረግ አማተቡ። ተነስተው ሄዱና የማርዬን ፊት በሁለት እጃቸው ዳሰሱት፤ ክንዳቸውን ዳሰሱ፤ ከዚያ ሁለቱን ጉንጫቸውን እያፈራረቁ ሳሟቸው። ደስታቸው ሲያበቃ ወደ እኔ ዞሩ። እንዲያ ያለ አስተያየት እናቴም አይታኝ አታውቅም።

«አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች» አሉኝ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። የባሰው ግን ለማርዬ ማስረዳቱ ነው። በሕይወት ላለ ሰው፣ ሞተሻል ብለን ልናለቅስልሽ መጣን ተብሎ በምን አንደበት ይነገራል? ገዢው ሁሉ ዕቃ የሚያይ መስሎ ጆሮውን አቁሟል። እንደምንም ተናገርኩት። ልጃቸው ሳቅ ፈነቀለው። ማርዬ አልሳቁም። ለእኔ ልታለቅስ ነው የመጣችው? አሉኝ። አዎ። ይሄም ምግብ ለእኔ ነው? አዎ። ሲኒውን አስቀመጡና ወንበሩ ላይ የተለጠፈውን ቢጫ ወረቀት ልጠው፣ ቁጭ አሉ። አሁን ምንድነው የሚደረገው? ብለው ጠየቁኝ። ይቀመጣል አልኳቸው። ከዚያስ? ከዚያ ምንም፣ አብሮ መቀመጥ ነው።

እትዬ የሺሀረግ ግን አፍረዋል። ሰው ሳይሞት ለቅሶ አይቀመጡም። ነጠላቸውን ወደ ደህናው ሊያዞሩ ጥለቱን እየፈለጉ፣ ካልሞተች ለምን ዕቃዋ ይሸጣል ብለሽ ጠይቂልኝ አሉኝ። ጠየቅሁ። ማርዬ ጉልበታቸው ደረጃ መውጣት እምቢ ብሏቸዋል። እዚህ ቤት ሙሽራ ሆነው የገቡ ናቸው፤ ባላቸው ያረፉት እዚሁ ነው፤ ልጃቸው የተወለደው እዚሁ ነው። አሁን ግን ልጃቸው ሲልቨር ስፕሪንግ እሱ ዘንድ ሊወስዳቸው ነው፤ ቤቱም ተሸጧል፣ ሰኞ ቁልፉን ያስረክባሉ። ይህን ስተረጉምላቸው የእትዬ የሺሀረግ እጅ ቆመ። ነጠላውን እንደተዘቀዘቀ ተዉትና ተመልሰው ተቀመጡ። የማርዬን እጅ፣ ያን የመሬት መንቀጥቀጡን ቀን እንዳደረጉት፣ ያዙት።

«አብሽሪ ማርዬ። ቤትም ይለቀስለታል» አሉ።

አብሽሪ የወሎ ሰው ሲያጽናና የሚላት ቃል ናት፤ በእንግሊዝኛ አላገኘሁላትም፣ የቀረውን ግን ተረጎምኩት። ማርዬ ያን ጊዜ አለቀሱ። አፋቸውን በጋዜጣው ጋርደው፣ ትከሻቸው እየተነቃነቀ አለቀሱ። ልጃቸው ሳቁን አቆመ። ይሄን ሁሉ ሳምንት ዕቃ ስትጠቀልል አንዲት እንባ አላወጣችም ነበር ብሎ ነገረኝና ወደ ውጪ ወጣ። እኔም አለቀስኩ። ለማን እንዳለቀስኩ አላውቅም፤ አለቀስኩ ግን።

ሲረጋጉ ማርዬ፣ ስትገቡ ከበሩ ላይ ምን ነበር ያላችሁት? ከኩሽና ሰማሁ አሉ። ነገርኳቸው። ሰው ደጅ ሲደርሱ ሳይደውሉ፣ ሳያንኳኩ፣ ቤቶች ይባላል፤ ባለቤት ደጆች ይላል፤ ይገባል። ወሬኛ አይደለሁም፤ ግን አፌ ከተከፈተ አይመለስምና የገናውንም ፍርድ፣ ይህን ቤት ስንት ወር ሲመኙት እንደነበረም ነገርኳቸው። ማርዬ ቤቱን ዞር ዞር ብለው አዩና፣ አርፍዳ ደረሰች አሉ። ስንወጣ በረንዳው ላይ ቆመው ሰገነታችሁ የትኛው ነው ብለው ጠየቁ። እትዬ የሺሀረግ በጣታቸው አሳዩዋቸው፤ ስምንተኛው ፎቅ፣ ከግራ ሦስተኛው፣ የሂዊ ቢጫ ጃንጥላ የተሰቀለበት። ማርዬ አንገታቸውን አቅንተው ለረጅም ጊዜ አዩት።

ወንበሩ አልተሸጠም። ልጃቸው መኪናው ላይ ጭኖት ሲሄድ ከሰገነቱ አየነው።

አዲሶቹ ባለቤቶች የገቡ ሰሞን በሩን ግራጫ ቀቡት፤ አጥሩንም ከፍ አደረጉት። እትዬ የሺሀረግ ሰገነቱ ላይ መውጣት ተዉ። አንድ ጊዜማ ገብተሻል፣ ይቆጠርልን ብላ ናዝራዊት ተሟገተች። የተሸጠ ቤት አይቆጠርም አሉ። አላኮረፉም፤ ማኩረፍ አያውቁም። ለደሴ ጎረቤቶቻቸው የሚወስዱትን ዕቃ መግዛት ጀመሩ፤ ለእያንዳንዱ ሰው ምን እንደሚነግሩትም ያሰላሉ። ለአንዱ የበሩን ቀዳዳ፣ ለሌላው ግቡ የሚለውን ምንጣፍ፣ ውሻ ስለያዘው ሰው ለማን እንደሚያወሩ እንኳን ለይተዋል። እኔ እየሰማሁ ይከፋኝ ነበር። ከሥራ መጥቼ ልተኛ ስል «ተናኘ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» የሚለኝ ሰው ሊቀርብኝ ነው። ትዕግሥት የለኝም አልኩ እንጂ ሆድ የለኝም አላልኩም።

ገና ሊገባ ሳምንት ሲቀረው አንድ ቅዳሜ እነሱ ቤት ነበርኩ። ናዝራዊት ኮምፒውተሯን ጭኗ ላይ አድርጋ የበረራ ቀን ትፈልጋለች፤ ዓይኗ ቀልቷል። እትዬ የሺሀረግ የሂዊን ጸጉር እየሠሩ፣ ዘመድ እንዲቀበላቸው የሚመቸው ማክሰኞ ነው ወይስ ሐሙስ እያሉ ይጠይቃሉ። ያኔ ከኮሪደሩ አንድ ድምፅ መጣ። ቀጭን ነው፤ ቃሉን እየጎተተ እያጠበቀ እንግዳ አድርጎታል።

«ቤቶች!»

ናዝራዊት ቀና አለች። ማንም ኮል አላደረገም እኮ ብላ ደንግጣ ተነሳችና በቀዳዳዋ ልታይ ሄደች። ድምፁ ደገመ፤ ሌላ በር ላይ ነው፣ እየቀረበ ነው። ፎቁን እንጂ የቤቱን ቁጥር አላወቀም፤ በየበሩ እየቆመ ነው የሚጣራው። ባለቴሌቪዥኑ ጎረቤት በሩን ገርበብ አድርጎ ብቅ ሲል ሰማነው። እትዬ የሺሀረግ ማበጠሪያውን ሂዊ ጸጉር ላይ እንደሰኩት ብድግ አሉ። ናዝራዊትን ከበሩ ገለል አድርገው ከፈቱት።

ማርዬ ናቸው። ከዘራ ይዘዋል፤ ፊታቸው ከብርዱ ቀልቷል። ለልጃቸው ሳይናገሩ ከሲልቨር ስፕሪንግ በባቡር፣ ቀጥሎም በአውቶቡስ መጥተው፣ ታች የሕንጻውን በር ዕቃ ገዝቶ ከሚገባ ሰው ኋላ ተከትለው አልፈዋል። አልደወልኩም፤ አይደወልም ስላላችሁኝ ነው አሉ፣ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ።

«ደጆች!» አሉ እትዬ የሺሀረግ። ደግመው «ደጆች፣ ግቢ» አሉና እጃቸውን ይዘው አስገቧቸው፤ ሶፋው ላይ አስቀምጠው ጫማቸውን ሊያወልቁላቸው ጎንበስ አሉ።

ናዝራዊት በሩን ይዛ እንደቆመች ነበር። ደስታውም ፍርሃቱም አንድ ላይ መጥቶባታል። «እማዬ፣ አንቺ ግን ያልሽው የምትገቢበት ቤት ነው። ይሄ እኮ እሳቸው ወደ አንቺ መምጣታቸው ነው» አለቻቸው ቀስ ብላ።

እትዬ የሺሀረግ ከማርዬ ጫማ ቀና ብለው አዩዋት። ከዚያ ሳሎኑን፣ ክፍቱን በር፣ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ የሚያየውን ባለቴሌቪዥኑን ሰውዬ አዩ።

«ሳይደወል የሚገባበት ቤት ስፈልግ የከረምኩት፣ የኔው ቤት ኖሯል» አሉ።

ናዝራዊት ወደ ሶፋው ሄዳ ኮምፒውተሩን ዘጋችው።